በበሩ ነው የገባው

ባለፈው ቅዳሜ መሥሪያ ቤታችን ለሥልጠና ብሎ እንጦጦ ፓርክ ይዞን ወጣ። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አሠልጣኙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ልጅ ነው። መሀላችን አንድ የሻይ ኩባያ አስቀመጠና በእኛ በኩል ያለነውን «ጆሮ አለው?» ብሎ ጠየቀን። አለው አልን። ማዶ ያሉትን ጠየቀ። የለውም አሉ። «አያችሁ? ሁላችሁም ትክክል ናችሁ! እውነት ፐርስፔክቲቭ ነው። ሁሉም ሰው የራሱ እውነት አለው።» ተጨበጨበ። አለቃዬ አጠገቤ ስለነበረች እኔም አጨበጨብኩ። ኩባያው ግን ጆሮ ነበረው። ማዶ ያሉት ብድግ ብለው ሁለት እርምጃ ቢዞሩ ያዩት ነበር። የተነሣ ሰው አልነበረም።

ነፋሱ ከታች የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይዞ መጣ። ጭሱ የሚነሣው ካደግኩበት ሰፈር በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ የተናገረውን አልሰማሁም።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አረፋና ገና በሳምንት ልዩነት የዋሉበት ዓመት ስለነበር በቅያሳችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሰሞን በግ ገዛ። ቅያሳችን ከሲግናል ሰፈር ሽቅብ ወደ ጋራው የምትወጣ፣ አስፋልት ያልደረሳት መንገድ ናት። ጫፏ ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ እንጦጦ። አባቴ የጋሽ ከድርን ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እናቴ ደግሞ ከጋሽ ከድር ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሱቅ ከፍታለች። ይህን የማነሣው ጋሽ ከድር ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም። አልነበሩም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ለእኛ ለልጆች ከኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋም። ብቻ በቅያሳችን ውስጥ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም።

የሰፈሩ ጥበቃ ጋሽ ሀንዲሶ ይባላሉ። ከሆሳዕና በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ማታ ማታ ቅያሷን ይጠብቃሉ፤ ሲነጋ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ላምበረት መናኸሪያ ሄደው ዕቃ ይሸከማሉ። መቼ እንደሚተኙ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ «አንተ» ይላቸዋል። እናቴ ግን «ሽበት ያለው ሰው አንተ አይባልም» ስላለችኝ እኔ «እርስዎ» ነበር የምላቸው።

ለጥበቃው የማታ ሻይና ዳቦ በየቤቱ ተራ ነበረው። የሌላው ቤት ተራ ብዙ ጊዜ ይረሳ ስለነበር ተራው የእኛ ሆኖ ቀረ፤ አድራሿም እኔ ሆንኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሽፋን የተከደነ ኩባያ ይዤ፣ ጣቶቼ እየተቃጠሉ፣ ጉንጬ በእንጦጦ ብርድ እየተገረፈ፣ እስከ ቅያሷ ጫፍ እሮጣለሁ። ጋሽ ሀንዲሶ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪሞቃቸው ሳይጠጡ ይቆያሉ። ያኔ ነው ስለ ጅብ የሚያጫውቱኝ።

«ጅብ መጀመሪያ ሽታው ትመጣለች» ይሉኛል። «የሚጮኸው ጅብ ሩቅ ናት። ዝም ያለችው ነው የሚፈራው።»

አማርኛቸው ወንድና ሴት ይቀላቅላል። እኔንም አንዳንዴ አንቺ፣ አንዳንዴ አንተ ይሉኛል። ሌሎቹ ልጆች ይህን እየደገሙ ይስቁባቸው ነበር። እኔ ግን ሁለት ጅቦች ያሉ ይመስለኝ ነበር፤ ባልና ሚስት፣ አንዱ ጯሂ፣ አንዷ ዝምተኛ። እሳቸው የሁለቱንም ጠባይ ለይተው የሚያውቁ ይመስለኝ ስለነበር በጣም አከብራቸው ነበር።

የየቤቱ ግቢ ጠባብ ስለሆነ በጎቹ በገደሉ አፋፍ ባለ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ በተከለለ አንድ ጅምር ቤት ውስጥ አንድ ላይ ታሰሩ። አምስት ነበሩ። አንደኛው የእኛ፣ ሌላው ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ለገና የገዙት፣ ትልቁና ነጩ ሙክት የጋሽ ከድር። ከእናቴ ሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ የሙክቱን ቀንዶች ጫፍ እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀባኋቸው። ጋሽ ከድር አይተው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። የታሰረበት አረንጓዴ ገመድ ደግሞ የአባቴ ነው፤ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚያስርበት፣ መሀሉ ላይ የሞተር ዘይት የጠጣ።

በጎቹ በገቡ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ቀን ማታ ሻይ ይዤ ስደርስ ጋሽ ከድር ሙክታቸውን አይተው ሲወጡ አገኘኋቸው። ጋሽ ሀንዲሶ ኩባያውን ከእጄ ሳይቀበሉ እንዲህ አሉ፦

«ጋሽ ከድር፣ በገደሉ በኩል ያለው ቆርቆሮ ታች ታቹ በስብሳለች። ምስማርና ጣውላ ይፈልጋል። ጅብ ሽታው አለ።»

«ሀንዲሶ፣ የሳምንት ነገር ነው» አሉ ጋሽ ከድር። «ደግሞ አንተ ለምን ተቀመጥክ?» በሩን በጓጉንቸር ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ እኔን ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ሄዱ። እኔ ያኔ የማስበው ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ነበር።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ በጩኸት ነቃሁ። ሙክቱ የለም። አራቱ በጎች ጥግ ላይ ተቆላልፈው ይንቀጠቀጣሉ። በገደሉ በኩል ያለው ቆርቆሮ ከሥሩ ተገልብጧል። ደም የለም ማለት ይቻላል፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ጸጉር ብቻ። ጋሽ ሀንዲሶ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመው በተሰበሰበው ሰው መሀል ያስረዳሉ።

«ጅብ መጣች። በገደል በኩል መጣ። ኮቴ ሰምቼ ፊሽካ ነፋሁ፣ ድንጋይ ወረወርኩ። በሩ ተቆልፏል፣ እንዴት ልግባ? በአንገቱ ይዛ ሄደ።»

«አንዴ መጣች፣ አንዴ መጣ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ቆይ፣ ስንት ጅብ ነው የመጣው?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ሀንዲሶ የሳቁበት ነገር አልገባቸውም። ገና ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ቃላቱን ቀስ ብለው እየመረጡ ደገሙት፤ ሲደግሙት ወንዱና ሴቱ ቦታ ተቀያየረ። «ቃሉን ለወጠ» አለ ያው ጎረምሳ። የዚያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም።

ፊሽካውን የሰሙ ነበሩ። ግን ፊሽካ በየሰዓቱ ይነፋል፤ ለምን ተብሎ ይወጣል? እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ጅብ አንዱን በልቶ አራቱን ይምራል?» አሉ። ሌላው ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ጋሽ ሀንዲሶን እንዳያቸው ተናገረ። ላምበረት በግ የሚራገፍበትና የሚጫንበት ቦታ ነው። በየቀኑ ጠዋት እዚያ እንደሚሸከሙ የማያውቅ ሰው በቅያሳችን አልነበረም። ያን ቀን ግን ሰውየው «ላምበረት አየሁት» ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የተባለው ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ ፊሽካውም፣ አራቱ በጎችም፣ ላምበረትም። አንድ ላይ ሲቆም ግን ውሸት ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ጅምር ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ጋሽ ከድር ወንበር ላይ፣ ሌላው ብሎኬት ላይ፣ ጋሽ ሀንዲሶ ቆመው። እኔ አባቴ እግር ሥር ነበርኩ። ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትዕግሥት ነበር የሚጠይቁት።

«ሀንዲሶ፣ የሚመሰክርልህ ሰው አለ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያኔ ምስክር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስንጫወት ስንጣላ አንዷ «ሰሚራ ምስክሬ ናት!» ትላለች፤ እኔም ባላይ እንኳ «አዎ!» እላለሁ፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ እሷ ለእኔ ትላለች። ምስክር ማለት የሚወድሽ፣ ከጎንሽ የሚቆም ሰው ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ከድር ሲጠይቁ «ሀንዲሶ፣ የሚወድህ ሰው አለ?» ያሉ መሰለኝ። ዝም ተባለ። ዝምታው አስፈራኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «አይቻለሁ።»

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ጋሽ ከድር ግን «ተዋት፣ ትናገር» አሉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ሰሚራዬ፣ ምን አየሽ?»

«ጅብ።»

«የት ሆነሽ?»

«በመስኮት።»

«ምን ይመስላል?»

«ትልቅ ነው። ጥቁር ነው።»

«እሺ። በየት ገባ?»

ስለ ቆርቆሮው ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ግን ጅብ በቆርቆሮ ሥር ተሹለክልኮ መግባቱ ትንሽ ነገር መሰለኝ፤ የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ላሳምርላቸው ፈለግሁ።

«በበሩ ነው የገባው» አልኩ።

ጋሽ ከድር ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የጓጉንቸሩን ቁልፍ አወጡ። ቁልፉን ብቻ አሳዩ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

«ማነው እንዲህ በይ ያለሽ?» አሉኝ፣ አሁንም በለስላሳ ድምፅ።

ማንም እንዲህ በይ አላለኝም። ግን ግራ ሲገባኝ፣ ልጅ ያሳደገውን ሰው እንደሚፈልግ፣ ዐይኔ ጋሽ ሀንዲሶን ፈለገ። እንዲያድኑኝ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዐይኔን ተከትሎ እሳቸውን አየ።

«ሻይ የምታደርስለት እሷ አይደለች?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

አለቀ። የጅብ ወሬ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሕፃን አሳስቶ በሐሰት ያስመሰከረ ሰው ምን የማያደርገው አለ? ጋሽ ሀንዲሶ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔን አይተው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጅቱ አላየም» አሉ። «ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁ።»

ያን ጊዜ የሳቀው ሁሉም ሰው ነበር።

በዚያው ዕለት ሁለት ፖሊሶች መጡ። እናቴ ለጎረቤት «ጣቢያ ወሰዱት» ስትል ሰማሁ። እኔ የማውቀው ጣቢያ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ስለ ጅቡ እንዲናገሩ የወሰዷቸው መሰለኝና ደስ አለኝ፤ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ያምናቸዋል ብዬ። ሁለት ምሽት ከሱቃችን ሬዲዮ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ዜና ተነበበ፣ ዘፈን ተዘፈነ፣ የእሳቸው ድምፅ ግን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አባቴን «ጋሽ ሀንዲሶ መቼ ነው የሚናገሩት?» ብዬ ስጠይቀው ነገሩ ገባው። አልሳቀም። ሬዲዮኑን ዘጋው።

ፖሊስ ማስረጃ አጣና ለቀቃቸው። ሰፈሩ ግን «ማስረጃ ስላጣ ነው እንጂ» አለ። ካፖርቱና ፊሽካው የሰፈሩ ስለነበሩ አስረክበው ሄዱ። ያን ጠዋት በዚያ ብርድ በሸሚዝ ቅያሷን ሲወርዱ ከሱቁ በር አየኋቸው። አልጠራኋቸውም። እናቴ «ሁለተኛ በሰው ነገር ገብተሽ!» ብላ ጆሮዬን ቆንጥጣኝ ነበር።

አረፋ መጣ። ጋሽ ከድር ሌላ ሙክት ገዙ። እኛም አረድን።

ከአረፋ በኋላ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀር፣ እትዬ ጥሩወርቅ ለጠላቸው ማገዶ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሊጠርጉ ሲወጡ እኔን ጆንያ አስይዘው ይዘውኝ ሄዱ። ገደሉን ወርደን ማዶ ስንወጣ፣ ከአንድ የተገነደሰ ግንድ ሥር፣ ቅጠሉን ስንጠርግ ቀንድ ወጣ። ጫፉ ቀይ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ አረንጓዴ ገመድ፣ ጫፉ የተዘነጠለ፣ ነጭ ጸጉር የተጣበቀበት።

«የጋሽ ከድር ሙክት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ የቀባሁት ነው!»

እትዬ ጥሩወርቅ ቀንዱን አገላብጠው አዩት። ቀዩን በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። ከዚያ አማተቡ። «ሌላ በግ ይሆናል» አሉ።

«ጥፍር ቀለም እኮ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ልትጀምሪ ነው? ባለፈው የዋሸሽው አይበቃሽም?» ቀንዱን ቁልቁል ወደ ገደሉ ወረወሩት። ሲንከባለል ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማኝ። ወደ ቅጠላቸው ሲዞሩ ገመዱን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት።

አባቴ ያን ማታ ከሥራ ገብቶ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሳርፍ ገመዱን አምጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የት እንዳገኘሁት ነገርኩት። ዘይት የጠጣችውን ቦታ በአውራ ጣቱ አሻት።

«ጋሽ ሀንዲሶ አልዋሹም» አልኩ። «ለጋሽ ከድር እንንገራቸው።»

«ምን ብለን? ‹በሬውን ከነቀንዱ አምነው ሰው አሳሰሩ› ብለን?»

«በግ ነው» አልኩት።

«ዐውቃለሁ በግ እንደሆነ።» አላየኝም። «ስሚኝ ሰሚራ። እሳቸው የታያቸውን አሉ፣ ሀንዲሶም የታየውን አለ። ነገሩ አልፏል። ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄዷል። ይቅር።»

«ግን እኮ ጅብ ነው የበላው!»

«ይቅር አልኩሽ!» ድምፁ ጨምሮ ነበር፤ ወዲያው የጋሽ ከድርን በር አየና ዝቅ አደረገው። «ነገ ይሄን መኪና ቢወስዱብኝ፣ ያቺን ሱቅ ቢዘጉ፣ ያ ሰውዬ ያበላሻል?»

በማግሥቱ ገመዱን በኦሞ አጥቦ የተዘነጠለውን ጫፍ በእሳት አቅልጦ ዘጋው። ገመዱ ደህና ነበር። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ብዙ ዓመት አገለገለ።

ጋሽ ሀንዲሶን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋቸው። ገና ካለፈ በኋላ እናቴ ከደሴ የተላከላትን ማር ልትረከብ ላምበረት ይዛኝ ሄደች። እሷ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ስትከራከር ትልቅ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ አየኋቸውና ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ!»

ጆንያውን ሳያወርዱ አንገታቸውን አዞሩ። «ሰሚራ! ደህና ነህ? እናትህ ደህና ናት?»

«ቀንዱን አገኘሁት» አልኩ፣ እያለከለክኩ። «ገደሉ ማዶ። ገመዱንም አገኘሁት። ጅብ ነው የበላው!»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። የሆነ ሸክም የሚወርድላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወሬው የሰለቸው ሰው ሆነው አዩኝ።

«እሱንማ እኔ ዐውቃለሁ» አሉ። «ለማን ነገርሽ?»

«ለአባዬ።»

«ምን አለች?»

«ይቅር አለ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል።

«ያን ቀን ለምን ዋሸሽ?»

«ልረዳዎት ብዬ ነው።»

ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ላብ በሽበታቸው ላይ ይወርድ ነበር።

«ስለ ቆርቆሮው ለጋሽ ከድር ስነግረው ሻይ ይዘሽ ቆመሽ ነበር» አሉኝ። «ሰምተሽ ነበር። እሱን ብትናገሪ ይበቃኝ ነበር።»

ከኋላ ሰው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ገፋቸውና ወደ አውቶቡሶቹ መሀል ገቡ። እናቴ ስሜን እየጠራች ነበር። ያየሁት እንዳልነበረ፣ የሰማሁት ግን እንደነበረ፣ ከሰማሁት አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ እንዳልተናገርኩ የገባኝ እዚያ ነው።

ጋሽ ከድር ከሞቱ ቆይተዋል። ጅምር ቤቱ ፎቅ ሆኗል። ከሥልጠናው በተመለስኩ በማግሥቱ እሑድ ወላጆቼ ቤት ምሳ በላን። የወንድሜ ልጅ የሒሳብ ደብተሩ ጠፍቶበት «ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ወላሂ!» እያለ ሲምል እናቱ ሳቀችና «የሀንዲሶ ጅብ በላው በላ!» አለችው። በቅያሳችን ውስጥ እንዲህ ነው የሚባለው። ሰበብ የደረደረ ሁሉ የሀንዲሶ ጅብ አለበት።

«ሀንዲሶ ማነው?» ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

«ውሸታም ሰውዬ ነዋ!» አለኝ።

«አክስትህ እኮ ልጅ ሆና መስክራለት ነበር» አለው ወንድሜ። «‹በበሩ ነው የገባው› ብላ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባቴን አየሁት። ከዐይኑ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ ቢያንስ ለይምሰል የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አላስመሰለም። ከልቡ ነበር የሚስቀው።